አንጓች በእግሯ የለካችው

ከቤቴ ጀርባ ባለፈው ወር አዲስ ሕንጻ ተጀመረ። መሬቱን ጠርገው፣ ችካል ቸክለው፣ ሲባጎ ወጥረው፣ በሲባጎው ሥር ነጭ ኖራ አሰመሩ። በማግስቱ ካፊያ ጣለና የረጠበ ኖራና የተገላበጠ አፈር ሽታ በጓሮ በር ገባ። እኔ ቁርሴን ልቀምስ ማንኪያ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ለማን እንደምናገር ሳላስብ፣ «አንጓች፣ ሸተተሽ?» አልኩ። አንጓች ሚስቴ ናት። ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል።

በሥራ ዘመኔ ፎርማን ነበርኩ። ሰው ሕንጻ ሲያይ ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው የሚያየው። ሕንጻው ከመቆሙ በፊት ግን ባዶው መሬት ላይ ሌላ ትንሽ ከተማ ይቆረቆራል። አሸዋው የት ይቆለል፣ ድንጋዩ የት ይራገፍ፣ የሲሚንቶው መጋዘን በሩን ወዴት ያዙር፣ የውኃው በርሜል የት ይቁም፣ መኪናው በየት ገብቶ በየት ይውጣ፣ ሠራተኛው የት ይጸዳዳ፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ይታሰባል። ሕንጻው ሲያልቅ ያ ከተማ ይፈርስና አሸዋው የነበረበት ላይ አበባ ይተከላል። ማንም አያስታውሰውም። የእኔ ሥራ እሱን ማቀድ ነበር። አሁን እንኳ ሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደ በሩና ወደ ውኃው ነው፤ ከምድጃው እስከ ውኃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳልቆጥር አልቀመጥም።

እዚህ አገር የመጣሁት በጎረምሳነቴ፣ ቆርቆሮ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ ከደብረ ማርቆስ ነው። ያኔ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የምንላት። መንገዱ ዳር ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከጀርባቸው የቀርከሃ አጥር፣ ከዚያ በኋላ ጉም። ጉሙ ጠዋት ይወርድና እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሰውና ፈረስ መለየት ያስቸግራል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ጨመር ካደረጉ ደግሞ ትኩስ ብስኩት ይመጣል። እኔ ታች የሚሰፋ ሱሪና አንገትጌው ትልቅ ሸሚዝ ነበረኝ፤ ብርዱ ቢገድለኝም ሹራብ ከላይ ደርቤ አንገትጌውን መሸፈን አልወድም ነበር። ከመኪና መቆሚያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት አንድ ቴፕ ነበረው፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁ ይጎተታል። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ይጠራሉ። ሻይ ቤቱ የነበረበት የስልክ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ቆሜ የድሮ በሩን በዓይኔ ስፈልግ ልጁ ወጥቶ «አባ፣ ካርድ ነው?» አለኝ። አዎ ብዬ የማልፈልገውን ካርድ ገዛሁ። ምን ልበለው?

የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው በኩል የሚሠራ ጤና ጣቢያ ነበር። መሐንዲሱ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር እየመጣ ያያል እንጂ፣ ሳይቱን የማሰናዳው እኔ ነኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ በውስጡ በኩል በእርሳስ ሥዕሉን ሠራሁ። አሸዋውን በሩ ላይ፣ መጋዘኑን ከታች ሜዳው ላይ፣ የሲሚንቶ ማቡኪያውን ከላይ። ሥዕሉ ሲያልቅ አጣጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ አደረግሁት። እንደዚያ የኮራሁበት ወረቀት በሕይወቴ አልነበረም።

አንጓች ያን ጊዜ ባሬላ ተሸካሚ ነበረች። ባሬላ ማለት ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ አሸዋና ድንጋይ የሚሸከምበት የእንጨት ቃሬዛ ነው። ከአዘና በኩል የመጣች፣ ቀይ የናይለን ሻሽ የምታስር፣ ከሴቶቹ ጋር በአዊኛ ስታወራ ድምፅዋ የሚያስተጋባ፣ አማርኛ ስትናገር ግን ዝግ ብላ ቃሉን እየመረጠች የምትናገር ሴት ነበረች። አንድ ቀን ባሬላዋን አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች።

«አቶ ሙላት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«አሸዋውን እዚያ በር ላይ ያስደፉት ለማን ብለው ነው?»

«ለመኪናው ነዋ! ወደ ውስጥ ከገባ መዞሪያ ያጣል።»

«መኪናው የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። እኛ የምንመላለሰው ቀኑን ሙሉ ነው» አለችና ተመልሳ ባሬላዋን አነሳች።

ተናደድኩ። ሴት፣ ያውም ቀን ሠራተኛ፣ ያውም በሰው ፊት። እሑድ ሥራ በሌለበት ግን እግሬ ወደ ሳይቱ ወሰደኝ። ዘበኛውን «ና እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አልኩትና አሸዋ ሞልተን ከበር እስከ ማቡኪያው ተሸከምን። ዳገት ነው። ስድስተኛው ምልልስ ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ስምንተኛው ላይ መዳፌ ተላጠ። ዘበኛው በነገሩ ግራ ተጋብቶ «አቶ ሙላት፣ ቅጣት ነው እንዴ?» አለኝ። ሰኞ ጠዋት አንጓችን ጠራኋት። «አንቺ ብትሆኚ የት ታደርጊው ነበር?» አልኳት። መራመድ ጀመረች። ባዶ እጇን እንደተሸከመች ሰው ወደፊት ዘርግታ፣ ከወዲያ ወዲህ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፣ አንድ ድንጋይ አንስታ ጣለችና «እዚህ» አለች። መኪናውም ኋላውን ሰጥቶ ሊገባበት የሚችል ቦታ ነበር። እኔ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ወደ ሲሚንቶው መጋዘን ዞረች። «ይህን ሜዳ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚሉት ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ስሙን በአዊኛ ጠራችልኝና፣ «ውኃ የሚተኛበት ማለት ነው» አለች። መጋዘኑን አፍርሼ ከላይ አቆምኩት። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃው እንደተባለው ተኛ፤ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። ሲሚንቶዬ ግን ደረቅ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ወደ አዘና ላክሁ። አባቷ አማርኛ ብዙም አይሰሙም ነበርና በአስተርጓሚ፣ «ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። «ባዶ መሬት ላይ ቆሞ ያስባል» ብላ የመለሰችው ራሷ አንጓች ናት። አባቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ «እሱም ሥራ ከሆነ ይሁን» አሉ። ይህን ታሪክ እየደጋገመች ትናገረው ነበር፤ በተናገረች ቁጥር ደግሞ የአባቷን ዝምታ ታስረዝመዋለች።

ከዚያ ወዲያ አዲስ ሥራ በተገኘ ቁጥር ችካል ከመቸከሌ በፊት አብረን እንሄዳለን። ጥርባ በኩል ትምህርት ቤት፣ አዘና እህል መጋዘን፣ እንጅባራ ሁለት መሥሪያ ቤት። እሷ ትራመዳለች፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እጽፋለሁ። ስትራመድ ታንጎራጉር ነበር፤ ምን እንደምትል ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ ያንን ብጠይቅ ኖሮ እላለሁ። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ዜማው ይቆረጣል፣ እኔም ወረቀቴ ላይ «እዚህ ሰው ይደክማል» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። መሐንዲሶቹ «ሙላት የሳይት አቀማመጥ ያውቃል» ማለት ጀመሩ። ሌላ ቦታ ያሉ ፎርማኖችን «ሄዳችሁ የሙላትን እዩ» ይሏቸው ነበር። እኔ ፈገግ እላለሁ። የሚስቴን ስም አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። መደበቄ አልመሰለኝም፤ የሚያስፈልግ መስሎ አልታየኝም። አሁን ሳስበው ግን ከዚህ የባሰ መደበቅ የለም።

በኋላ ዳንግላ ገባን። ዳንግላ ያኔ የጋሪ ከተማ ናት፤ የፈረሶቹ ቃጭል ከነጋ እስኪመሽ አይቋረጥም። ጨርቅ የሚሸጡት ነጋዴዎች ሱቃቸውን ሲከፍቱ አቡጀዲውን በር ላይ ይሰቅሉታል፤ በነፋሱ ሲውለበለብ በዓል ይመስላል። ልጃችን ሰብለ እዚያ ትምህርት ቤት ገባች። እኔም ትልቅ ሥራ ያዝኩ፤ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና ያለው፣ በሞተር የሚሠራ ማቡኪያ ያለው። ቢጫ ቆብ ተሰጠኝ። ማሽን ካለ የሰው እርምጃ ምን ያደርጋል ብዬ ነው መሰለኝ፣ ያንን ሳይት አንጓችን ሳላስረግጥ በወረቀት ብቻ ጨረስኩት። እሷም አልጠየቀችኝም።

ግንቦት ነበር፤ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ አባርቷል። የመሠረቱ ጉድጓድ ከሰው ቁመት በላይ ወርዷል። ግንበኞቹ ድንጋይ እንዲቀርብላቸው ድንጋዩን ከጉድጓዱ አፍ አንድ እርምጃ ላይ አስደፋሁት። በዚያ ቀን አንጓች ምሳዬን ይዛ መጣች። መሐንዲሱም ግንበኞቹም አጠገቤ ቆመዋል። ምሳውን ሳትሰጠኝ ጉድጓዱን ቁልቁል አየች፣ በእግሯ ጫፉን ነካ አደረገችው።

«ሙላት፣ ይህ ድንጋይ ከዚህ ይራቅ። አፈሩ እኮ ውኃ ጠጥቷል።»

አንዱ ግንበኛ ሳቀ። መሐንዲሱ እኔን አየኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

«አንቺ ምሳውን አስቀምጪና ሂጂ» አልኳት። «ባሬላ መሸከምና ሳይት ማቀድ አንድ አይደለም።»

ሳህኑን የተገለበጠ በርሜል ላይ አስቀመጠች። ከላይ የሸፈነችበትን ጨርቅ አስተካከለች። ከዚያ ሄደች። ዘወር ብላ አላየችኝም፤ እኔ ግን ከበሩ እስክትወጣ ድረስ አየኋት።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ። ድንጋዩም አብሮት ወረደ። ከውስጥ ዘለቀ የሚባል ቆፋሪ ነበር፤ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ከእኔ ጋር ሦስት ሥራ የሠራ ሰው። አካፋ እንዳይመታው ብለን በእጃችን ቆፈርን። ጥፍሬ ተነቀለ፤ ያን ጊዜ አላወቅሁም። መጀመሪያ ያገኘነው እጁን ነው፤ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ሁላችንም አንድ ላይ ጮህን። በሕይወት ወጣ። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ዳግመኛም ቀጥ ብሎ አልቆመም። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ጠየቁ፣ ጻፉ። ዝናብ ነው ተባለ። እኔም ተጠየቅሁ። «ዝናብ ነው» አልኩ።

ቤት ስገባ አንጓች የደማ እጄን በሞቀ ውኃ አጠበችልኝ። «እግሩ ይድናል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ነግሬህ ነበር አላለችም። ብትለኝ ኖሮ እጣላ ነበር፣ ከተጣላን እንታረቅ ነበር። ከወር በኋላ አዲስ ቦታ ሲገኝ፣ «ነገ መሬት ላይ ነኝ፣ ትመጫለሽ?» አልኳት። «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም። በሚቀጥለውም እንዲሁ፤ «አንተ ታውቃለህ።» ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ፣ በአንድ አልጋ ብዙ ዓመት ኖርን። ስለ ልጃችን እናወራለን፣ ስለ ድንች ዋጋ እናወራለን፣ ሰው ሲሞት አብረን ለቅሶ እንደርሳለን። እሷ ግን ከእኔ ሳይቶች አንዱንም አልረገጠችም። እኔ በየባዶው መሬት ብቻዬን እቆማለሁ፤ የእሷ ኮቴ የተሰማኝ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ዞሬያለሁ።

ዘለቀ መቆፈር ስለማይችል ጋሪ ገዝቶ ነጂ ሆነ። አንጓች በገበያ ቀን ቅቤም ይሁን ድንች አንድ ነገር ሳትይዝ ወደ ቤቱ አትሄድም ነበር። እኔ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጋሪውን ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው መሸሽ ብዙ መንገድ ያስሄዳል።

ጡረታ ስወጣ ወደ እንጅባራ ተመልሰን ይህችን ቤት ሠራን። ሰብለ ባሕር ዳር አግብታ ቀረች። አገሩ ተለውጦ ነበር፤ ድሮ ገብስ የምናይበት ሁሉ ለከሰል የሚተከል ዛፍ ሆኗል፣ ጠዋት የጉም ሽታ ከከሰል ጭስ ጋር ይመጣል። ጥቂት ዓመት በሰላም ኖርን። አንድ ቀን ጠዋት አንጓች ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ሐኪም ቤት ከረምን። ስንመለስ በሰው ተደግፋ አሥር እርምጃ ብትሄድ ነው። ያቺ ዳገት የማይበግራት ሴት፣ ጨለማው ጓዳ ውስጥ ጣሪያ እያየች መተኛት ሆነ ኑሮዋ። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ እስኪያደርሷት ድረስ በሐፍረት ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዓመቱን ካላንደር ከግድግዳ ነቅዬ ገለበጥሁትና እርሳስ ይዤ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«አንጓች፣ አልጋሽን የት ላድርገው?»

በሚጎተተው አንደበቷ፣ «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «ያን ቀንም አላውቅም ነበር። ዳንግላ። ዝናብ አልነበረም፣ እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አፌ ላይ የነበረ ቃል ነው። ሲወጣ ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች። ዕንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ተኝታ መስሎኝ ልነሳ ስል ግራ እጇን ዘረጋች።

«አንሳኝ» አለች። «ተኝቼ አልለካም።»

አቅፌ አነሳኋት። እግሯን እየጎተተች፣ ሦስት እርምጃ እየሄደች እያረፈች፣ ቤቱን ዞረችው። የፊቱ መስኮት ጋ ስትደርስ ቆመችና «እዚህ» አለች። አልጋውን እዚያ አደረግሁት። ወደ ጓሮ የሚወስደውን ግድግዳ በስቼ በር እንዳወጣ አዘዘችኝ፤ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤቱ ስምንት እርምጃ ሆነ። በግድግዳው ላይ የምትይዘው የቀርከሃ መደገፊያ ቸነከርሁ። ቁመቱ አልሆነም ብላ ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። ውኃው በግራ፣ መድኃኒቱ በግራ፣ ሬዲዮው በግራ። ሲያልቅ ብቻዋን ተነሳች፣ ቀርከሃውን ይዛ ሄደች፣ ከኋላዋ በሩን ዘጋች። እዚያ ውስጥ ሆና ስታንጎራጉር ሰማኋት። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አለቀስሁ።

«ለዘለቀም ንገረው» አለችኝ ከጥቂት ቀን በኋላ። ጎረቤት እንድትጠብቃት አድርጌ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ። ዘለቀ ጋሪውን በባጃጆቹ ምክንያት ትቶ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ፤ ለእኔ ሊነሳ። ትከሻውን ይዤ አስቀመጥሁትና ነገርኩት። ድንጋዩን ያስደፋሁት እኔ ነኝ፣ ተነግሮኝ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አንጓች ናታ። የዚያኑ ወር ነው የነገረችኝ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጋሪዬን ይዤ ልመጣብህ ነበር፣ እሷ ናት የከለከለችኝ። ‹ባሌ ጥፋቱን ያውቀዋል፤ ከአፉ ማውጣት አቅቶት ነው፤ ትንሽ ጠብቀው› ትለኛለች። ጠበቅሁህ።» ከዚያ ረጅሙን እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣ «አረጀህ እኮ ሙላት» አለኝ።

ስመለስ አንጓች ምን አለህ አላለችኝም። ፊቴን አየችና ሬዲዮውን ቀነሰች። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖረች። በሕይወቴ ከእሷ ጋር ብዙ ያወራሁት በዚያ ስምንት ወር ነው። የሠራናቸውን ሳይቶች አንድ በአንድ እናነሳቸዋለን፤ የትኛው ላይ አሸዋው የት እንደነበረ እኔ ስስት እሷ ታርመኛለች። ሊደክማት ሲጀምር አንድ ቀን አልጋውን በእጇ መታ መታ አደረገችና፣ «እኔ ስሄድ ይህን አውጣው። ወንበርህን እዚህ አድርግ። ከዚህ መንገዱ ይታያል። አንተ ሰው ካላየህ ትጨልማለህ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። አላደረግሁትም። ሰብለ ለተዝካሩ መጥታ አልጋውን ላውጣልህ ስትል ተቆጣሁ። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ትደውልልኛለች፤ ባሕር ዳር ናልኝ ትለኛለች፤ እስቲ እላታለሁ። እኔ ጓዳ እየተኛሁ፣ በጨለማው እየበላሁ፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አንሶላውን እያስተካከልሁ ሦስት ዓመት አለፈ። ሰው ሁሉ ሕንጻው ሲያልቅ ሳይቱን ጠርጎ ነው የሚሄደው። እኔ ስንቱን ጠርጌያለሁ።

ዛሬ ጠዋት አወጣሁት። ማንንም አልጠራሁም። አንሶላውን አጠፍሁ፣ ፍራሹን ጎትቼ ጓሮ አደረስሁ፣ አልጋውን አንዴ በራስጌው አንዴ በግርጌው እያንፏቀቅሁ እስከ በሩ ለመውሰድ ግማሽ ቀን ሊፈጅብኝ ምንም አልቀረው። እግሮቹ የነበሩበት ሲሚንቶ ላይ አራት ንጹሕ ክብ ቦታዎች ቀርተዋል። ጠርጌ ወንበሬን አስቀመጥሁና ተቀመጥሁ። መንገዱ እውነትም ይታያል። ቀርከሃ የጫነ ጋሪ አለፈ። ተማሪዎች አለፉ። ከዚያ ድንች በጀርባዋ ያዘለች የማላውቃት ሴት መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቀና አለችና፣ «እንዴት ዋሉ አባ?» አለችኝ።

ሰው ካነጋገርሁ ስንት ቀን እንደሆነኝ እንጃ፣ ድምፄ እስኪወጣ ድረስ አልፋኝ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁና የሚቀጥለውን ሰው መጠበቅ ጀመርሁ።